የ36 ሰው ጉድለት

ሚኤሶ ውስጥ የባንክ ካሸር ሳለሁ አንድ ማታ 36 ብር ጎደለኝ። ሥራ አስኪያጁ በሩን አስቆልፎ ቫውቸር በቫውቸር ሲያስገላብጠኝ አመሸ። ሒሳብ ሳይገጥም ካሸር ቤቱ አይገባም፤ ካልተገኘም ከኪሱ ይሞላል። ደግ ሕግ ነው፣ አልቃወመውም።

በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ሚኤሶን አልፎ አዋሽ ደረሰ። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ከድልድዩ ገደል ገባ። መጀመሪያ 392 ሰው ሞተ ተባለ፣ ቆይቶ 428። ልዩነቱ 36 ነው። ምናልባት ከቁስለኞቹ ያረፉት ተደምረው ይሆናል። ምናልባት! 36 ብር የጎደለበት ካሸር «ምናልባት» ብሎ ይሸኛል? «የረሃብ ዓመት ነበር፣ ወሎና ትግራይ እያለቀ የአዋሽን ሬሳ ማን ይቁጠር» ይሉኛል። ይህን ሰበብ ሰምቼ ሰምቼ አንገሽግሾኛል።

ከዓመታት በኋላ ከጭሮ የመጡ እናት የባላቸውን የቁጠባ ደብተር በመስኮቴ አቀበሉኝ። ባልየው በዚያ ባቡር ላይ ነበር። «እማማ፣ የሞት ማስረጃና የፍርድ ቤት የወራሽነት ወረቀት ያምጡ» አልኳቸው። «ሲሞት አገር ሰምቷል፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ» ብለውኝ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው፤ በ1977 የሞተ ሰው ማስረጃ ከየት ያመጣል? መመሪያውን አክብሬ ነው የመለስኳቸው። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦይንግ አውሮፕላናችን ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ቅርንጫፋችን ቆሞ አስቧቸዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ለእነርሱና ኢንዶኔዥያ ላይ በተመሳሳይ አውሮፕላን ቀድመው ለሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች ቦይንግ 500 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም። ግን የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንተዋወቃለን፦ ጠበቃና የመድን ውል ያለውን ሞት ነው የምናስታውሰው።

ዕዳማ አይረሳም። አዲሱ ሐዲድ ሲዘረጋ ሁለቱ የቻይና ተቋራጮች መስመሩን የተካፈሉት እዚያው ሚኤሶ ላይ ነው፤ እስከ ሚኤሶ አንዱ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው። የሐዲዱ ብድር መመለሻ ከ10 ወደ 30 ዓመት ሲራዘም አጨበጨብን። እያንዳንዷ ሳንቲም ቀንና ፊርማ አላት።

እናንተ ባንኮችና መድን ሰጪዎች፣ በየአዲስ ዓመቱ ካላንደር ታሳትማላችሁ። ጥር ላይ አንዲት ቆንጆ የኤቲኤም ካርድ ይዛ ትስቃለች። እሷን አንሱልኝና የአዋሽን ሙታን ስም አስፍሩ። «ዝርዝሩ የለንም» እንዳትሉኝ፤ ለ36 ብር ያመሸው ሥራ አስኪያጅ አለላችሁ። የድሬዳዋን፣ የሚኤሶን፣ የአዋሽን የዕድር መዝገብ ያስገላብጥ። በሩም ይቆለፍ፤ ሳይገጥም ማንም ቤቱ አይገባም።