ቁጥሩ ሲቀየር ባቡሩ አይቀየርም

በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ባሉ ጌም ቤቶች አንድ እምነት ሥር ሰድዷል፤ አዲስ የወጣ ሁሉ ከቀደመው ይሻላል የሚል። የኳስ ጨዋታው ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ያለፈው ዓመት ዋጋ ያጣል፤ አዲሱን ያላስገባ ቤት ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄድበታል። በኳስ ጨዋታ ይህ ቢያንስ ሰበብ አለው፤ ተጫዋች ክለብ ይቀይራል፣ ማሊያም ይለወጣል። ልማዱ ግን ላፕቶፕ አግኝተው የባቡር መንዳት ጨዋታን ወደ ወደዱ ወጣቶችም ተሻግሯል። «የትኛው ቨርዥን ነው ያለህ?» የሚለው ጥያቄ «የትኛውን መስመር ነዳህ? ፍሬኑንስ ቻልከው?» ከሚለው ቀድሟል።

ይህን ልማድ እቃወማለሁ። የባቡር ሲሙሌተር አዲስ ቨርዥን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተጫዋች የሚወጣበትን ገንዘብ አይመልስም። ከዚያም አልፎ ጨዋታው ሊሰጠን የሚችለውን ትልቁን ነገር፣ የራሳችንን መስመር ሠርቶ የመንዳት ዕድል፣ ከእጃችን ያወጣል።

ነገሩን ከታሪኩ እንየው። ማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የሠራው ኩጁ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ከጨዋታው ጋር ከእንግሊዝ፣ ከኦስትሪያ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የተወሰዱ ስድስት መስመሮች ይመጡ ነበር፤ መስመር መሥሪያውም አብሮ ነበር። ሁለተኛው እትም ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ቀረ። ኩጁ በበኩሉ በ2007 ሬይል ሲሙሌተርን አወጣ፤ ያም በ2009 ሬይልወርክስ ተባለ፤ ከዚያ ትሬይን ሲሙሌተር 2012፣ 2013፣ 2014 እየተባለ በየዓመቱ ቁጥር ሲለጠፍበት ኖሮ በመጨረሻ «ክላሲክ» የሚል ቅጥያ ተሰጠው። አሁን ባለቤቱ ዶቭቴይል ጌምስ ነው።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የጨዋታው መሠረት አንድ ነበር። የቀደመውን ለገዛ ሰው ዋናው ፕሮግራም ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር በኩል ያለ ክፍያ ይታደስለት ነበር፤ በአዲሱ ቁጥር ስም የሚሸጠው በውስጡ የተጨመሩት መስመሮችና ሎኮሞቲቮች ናቸው። ከእነዚህ ዓመታዊ እትሞች ሁሉ እውነተኛ ለውጥ ብዬ የምቆጥረው የ2019ኙን ነው፤ ጨዋታውን ወደ 64 ቢት አሻግሮ በማስታወሻ እጥረት መሀል መንገድ ላይ መዘጋቱን ቀንሶለታልና። እሱም ቢሆን ለነባር ባለቤቶች በነጻ የመጣ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ «አዲሱን ካልገዛሁ ወደ ኋላ ቀረሁ» ያለ ሰው የገዛው ቁጥሩን ነው።

ከዚያ ትሬይን ሲም ወርልድ መጣ። ይህኛው አንሪል ኢንጂን በተባለ የጨዋታ መሥሪያ የተሠራ፣ በእርግጥም አዲስ ጨዋታ ነው። ነጂው ከወንበሩ ተነስቶ በባቡሩ ውስጥ ይራመዳል፤ በር ይከፍታል፤ ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ይታያል። ሁለተኛው በ2020፣ ሦስተኛው በ2022፣ አራተኛው በ2023፣ አምስተኛው በ2024 ወጡ። ሆኖም ለትሬይን ሲሙሌተር የተገዛ መስመር በዚህኛው አይሠራም። ለማይክሮሶፍቱ የተሠራውም በሬይልወርክስ አይሠራም ነበር። በእያንዳንዱ ትልቅ ሽግግር ተጫዋቹ የሰበሰበውን ትቶ ከባዶ ይጀምራል። መስመር መሥሪያውም ከትሬይን ሲም ወርልድ ጋር አልመጣም፤ ለተጫዋቾች የተሰጠው ከዓመታት በኋላ ሲሆን ተራ ላፕቶፕ የሚሸከመው አይደለም።

ወጪውን እንቁጠር። ለአንድ ተጨማሪ መስመር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ 30 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ወደ 1,700 ብር ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ከ3,000 ብር በላይ ሆኗል። ይህ የአንድ መስመር ብቻ ነው። ለትሬይን ሲሙሌተር የወጡት ተጨማሪዎች ሁሉ ቢገዙ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይፈጃሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ተማሪ ደግሞ በአካባቢያችን በእስቴም በስማዳም በጋይንትም ማግኘት ይቸግራል።

ቀጥሎ ማሽኑ አለ። አዲሶቹ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ፤ በእኛ ከተሞች በብዛት የሚገኘው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይህ የለውም። ቀጥሎ ኢንተርኔቱ አለ። አዲሱ ጨዋታ ከነመስመሮቹ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በእንዲህ ያለ አገር በፍላሽ ተገልብጦ፣ ያለ ኢንተርኔት ተጭኖ የሚሠራ ነገር ያለው ጥቅም ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሲሙሌተር ምን ያስተምራል የሚለው ነው። ባቡር እንደ መኪና አይቆምም። ረጅም የጭነት ባቡር ላይ ነጂው ፍሬን ሲይዝ የአየሩ ግፊት መቀነስ በቱቦው አልፎ የመጨረሻው ፉርጎ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ለቆ እንደገና ለመያዝም ቱቦውና በየፉርጎው ያሉት የአየር ጋኖች መሞላት አለባቸው። ቁልቁለት ላይ ሳይሞሉ ደጋግሞ የያዘ ነጂ በመጨረሻ ፍሬን ያጣል። ዳገቱም ሌላ ትምህርት ነው። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር በ100 ሜትር 2 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ የክብደቱን ወደ ኋላ መጎተት ብቻ ለማሸነፍ ወደ 200 ኪሎ ኒውተን ጉልበት ይፈልጋል። በ2001ዱ ጨዋታ ውስጥ የነበረው በሞንታና የሚገኘው ማሪያስ ፓስ ዳገቱ 1.8 በመቶ ነው፤ ከባድ ጭነት ሲሆን ከኋላ የሚገፋ ሌላ ሎኮሞቲቭ ያስፈልገዋል። የዚህን መሠረት ያ የቆየ ጨዋታ አስተምሯል። በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለዚህ ትምህርት የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

ለዚያ የቆየ ጨዋታ የተሠሩት መስመሮችም አልሞቱም። ኦፕን ሬይልስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ በፈቃደኞች የተሠራና የፕሮግራም ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት የሆነው፣ እነዚያን መስመሮች እስከ ዛሬ ያስኬዳል። የፍሬኑን፣ የመንኮራኩሩን መያዝና መንሸራተት፣ የኩርባውን መጎተት ከድሮው በተሻለ ያሰላል። ለመሥራት የማይክሮሶፍቱን ጨዋታ መጫን አይፈልግም፤ በነጻ የሚሰጡ መስመሮችም አሉት። የተሻለ ነገር ለማግኘት አዲስ መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም፤ እዚህ ላይ የቆየውን ያሻሻሉት ያልጣሉት ሰዎች ናቸው።

አሁን የራሳችንን መስመር ስለ መሥራት ላንሳ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካቀዳቸው መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አድርጎ በሰመራ በኩል ወደ ጋላፊ የሚዘልቅ ነው። ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለው አገር የእኛው አገር ነው፤ ደብረ ታቦር፣ ነፋስ መውጫ፣ ጋሸና፣ ድልብ። መስመሩ በወረቀት ላይ ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ግን ዛሬ ሊነዳ ይችላል። ለኦፕን ሬይልስ መስመር የሚሠራበት ቲ.ኤስ.አር.ኢ. የተባለ ነጻ መሣሪያ የመሬት ከፍታ መረጃ ይቀበላል። ያ መረጃም አለ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው የመሬት ከፍታ ለሁሉም በነጻ ተሰጥቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉናም በውስጡ አለ።

አንድ ተማሪ ይህን ሲሞክር ምን እንደሚያጋጥመው ላሳይ። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። ልዩነቱ 900 ሜትር ነው። በ2 በመቶ ዳገት 900 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 45 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ የመኪናው መንገድ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሐዲዱ ከአስፋልቱ ይረዝማል፤ ይጠመዘዛል፣ ዋሻ ይፈልጋል። ደብረ ታቦርን አልፎ 3,100 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ነፋስ መውጫ ሲወጣ፣ ከጋሸናም በድልብ በኩል ወደ ወልዲያ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። ይህን አስቦ፣ ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ባቡሩን በላዩ ነድቶ ፍሬኑ ሲያልቅበት ያየ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስን በሌላ ዓይን ያያል። ከፍራንክፈርት ወይም ከለንደን ተቆርጦ የተሸጠለትን መስመር በሚያምር ሥዕል የነዳው ተማሪ ይህን አያገኝም።

አዲስ መግዛት ወይስ የያዙትን ማሻሻል የሚለው ጥያቄ በእውነተኛው ባቡራችን ታሪክም ተነስቷል። የድሮው የጅቡቲ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን በኤሌክትሪክ ይሠራል። የድሮው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ የድሬዳዋ ሠራተኞች በትውልድ ያካበቱት ሙያም ከአዲሱ ጋር በራሱ አልተሻገረም። አዲሱ መስመር ባይሠራ ይሻል ነበር አልልም፤ ለወደብ ጭነታችን ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን አስተዳደሩ ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ እጅ የገባው መደበኛ ሥራ ከጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። አዲስ ነገር መግዛትና የገዙትን ይዞ መቆየት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ችሎታ ይጠይቃል፤ ችሎታ ደግሞ የሚገኘው ፈታቶ ከመሥራት ነው።

የሚቃወሙኝ የሚሉትን አውቃለሁ። አዲሱ ጨዋታ የጀርመንን የባቡር ደኅንነት ሥርዓት በዝርዝር ያሳያል፤ የነጂውን ክፍል እንዳለ ያቀርባል፤ ድምፁ ይማርካል ይላሉ። እውነት ነው። የቆየው የማይክሮሶፍት ጨዋታ በአሁኑ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ መልሱ ኦፕን ሬይልስ ነው። ኃይለኛ ማሽን፣ በዶላር የሚከፍል ካርድና አስተማማኝ ኢንተርኔት ያለው፣ ዓላማውም የባቡሩን ውስጥ በዓይኑ መጎብኘት የሆነ ሰው ትሬይን ሲም ወርልድን ይግዛ፤ አልከለክለውም። እሱም ቢሆን አንዱን እትም ከያዘ ቀጣዩን ቁጥር ለመከተል አይጣደፍ፤ በእትሞቹ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የመስመር ዝርዝር ነው። ሌላው ሁሉ ግን፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ለመሻሻል ብለን ገንዘብ የምናፈስበት ምክንያት የለም።

«ሥዕሉ ካላማረ ልጆች አይስባቸውም» የሚለውን ክርክርም አልቀበልም። ልጅን የሚስበው የራሱ አገር ነው። ጉናን በስክሪን ላይ አይቶ ያወቀ፣ የደብረ ታቦርን ጣቢያ ራሱ ያስቀመጠ ልጅ ለሥዕሉ ሻካራነት ደንታ የለውም።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው። አዲስ ቨርዥን ልግዛ የምትሉ ወጣቶች አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ያለኝን መስመር ያስኬዳል ወይ? ማሽኔ ይችለዋል ወይ? ራሴ ልሠራበት እችላለሁ ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይ» ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። የኮምፒውተርና የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ኦፕን ሬይልስን ወደ ትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ አስገቡ፤ ፈቃድ አያስከፍልም፣ በፍላሽ ይገለበጣል፣ በቆየ ማሽን ይሠራል። ተማሪዎቻችሁ ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለውን መስመር ይዘርጉ። እውነተኛው ሐዲድ አንድ ቀን ሲመጣ የሚነዳው፣ የሚጠግነውና የሚያስተዳድረው ሰው ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት።