የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር ተግባር ምን መሆን አለበት?

የተማሪዎች ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ መኝታ ክፍልና ስለ ስፖርት ውድድር የሚነጋገረውን ጉባኤ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙው ቀን በመሥሪያ ቤቱ ውሎ ማታ ደብተሩን የሚይዝ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኘው በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ ችግሩን ብቻውን ይሸከማል።

ለምሳሌ ልደታን እንመልከት። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልዩ ሙያ የሚያጠኑ ሐኪሞች በሽተኛ እያከሙ ይማራሉ። ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 ያቋቋሙት ሕንፃ ኮሌጅም በዚሁ በልደታ ይገኛል፤ በዚያም የከተማ ፕላንና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ያጠናሉ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሚያገናኛቸው ማኅበር ካልበረታ፣ አንዱ ስለ ሰፈር ንጽሕና፣ ሌላው ከንጽሕና ጉድለት ስለሚመጣ በሽታ እየጻፉ ሳይተዋወቁ ሊመረቁ ይችላሉ።

ማኅበር ለዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነገር አይደለም። የስሙ መነሻ የሆነው የላቲን ቃል ራሱ ማኅበር ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ የሕግ ተማሪዎች ተሰብስበው አለቃቸውን ከመካከላቸው ይመርጡ፣ ትምህርት ያስታጐለውንም መምህር መቀጮ ያስከፍሉ ነበር። በአገራችንም የአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ ተከታዩን ያስጠናል፤ የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አይሸከሙም።

እንግዲህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ተግባር በተማሪውና በአማካሪው መካከል ያለውን ነገር ማስተካከል ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ሳይነበብ ወራት ያለፉበት ተማሪ፣ ቢናገር ውጤቱ የሚበላሽ ስለሚመስለው ዝም ይላል። ማኅበሩ ግን የማንንም ስም ሳያነሣ፣ ጽሑፍ ታይቶ የሚመለስበት ጊዜ በጽሑፍ ይወሰን ብሎ ስለ ሁሉም መጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ተግባር አባሎቹን መገሠጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ የሚያጽፍ ሰው የሚያታልለው መምህሩን ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ተግቶ የጻፈውን የጓደኛውን ዲግሪ ዋጋ ያሳጣዋል። ይህን አይቶ ዝም የሚል ማኅበር ስለ መብት ሲናገር የሚሰማው አያገኝም።

ሦስተኛው፣ የጥናት ፍሬ ለሕዝብ እንዲደርስ ማድረግ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት፣ የተማሪ ማኅበር የአገር ጉዳይ እንደሚመለከተው በማመን ነበር። የዛሬው የድኅረ ምረቃ ተማሪ በበኩሉ ቈጥሮና መርምሮ ያገኘው ማስረጃ በእጁ ነው። በልደታ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚያ ያልፋል። ከሰፈሩ የተነሡት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ዕድራቸው ምን እንደ ደረሰበት የሚመረምር ጥናት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሊለብስ አይገባውም። ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ወስኖ፣ የወረዳውን ሹሞችና ነዋሪዎቹን ጠርቶ፣ ተማሪዎቹ ያገኙትን በቀላል አማርኛ እንዲያስረዱ ቢያደርግ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ተማሪውም የሚጽፈው ለፈታኞች ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

«ሥራ አለብኝ፣ ለስብሰባ ጊዜ የለኝም» የሚል ወጣት ሹም እንደሚኖር እናውቃለን። እውነቱን ነው፤ ማኅበሩም በየሳምንቱ ሊሰበስበው አይገባም። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏል። በወር ሁለት ሰዓት የሚሰጡ ሃምሳ ተማሪዎች ቢገኙ መቶ ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት የጀማሪውን ረቂቅ አንብቦ ማረም፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርበውን ጥያቄ መጻፍ፣ የሰፈሩንም ጉባኤ ማዘጋጀት ይቻላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩን ለስም ለሚፈልግ ሳይሆን፣ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ድምፃችሁን እንድትሰጡ እናሳስባለን።