ፋሲካ የሌለው ጾም



የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። መጀመሪያው የታወቀ ነው፤ መጨረሻውም የታወቀ ነው። በእነዚያ ሁሉ ቀናት እናት ለሕፃን ልጇ ወተት ትሰጣለች፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ከነምግቡ ይወስዳል፤ ለነፍሰ ጡሯና ለአራሷም ይታዘንላቸዋል። በመጨረሻም ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ዶሮ ይጮኻል፤ ሰው ከቤተ ሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ይፈስካል። የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዷንም እንዲሁ ነው፤ በየምሽቱ ማፍጠሪያ፣ በወሩም ፍጻሜ ዒድ አለው፤ ሕመምተኛውንና መንገደኛውን አያስገድድም። ጾም ሰውን ለማነጽ እንጂ ሰውን ለማጥፋት እንዳልተሠራ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።

ይህን ማስታወሴ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ ፋሲካ የሌለው ጾም የጾሙ ሰዎች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. እኛ የትንሣኤን በዓል ሚያዝያ 8 ቀን አክብረን ገና ሳምንት ሳይሞላን፣ ከማሊንዲ ከተማ ወደ መሐል አገር ገባ ብሎ በሚገኘው የሻካሆላ ጫካ ፖሊስ መቃብሮችን መቆፈር ጀመረ። በተከታዮቹ ወራት የወጣው አስከሬን ከ400 በላይ ሆነ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በሐኪም ምርመራ ብዙዎቹ በረኃብ እንደሞቱ ሲታወቅ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የመታነቅና የመደብደብ ምልክት ተገኝቷል። የቡድኑ መሪ ፖል ማኬንዚ የተባለ የቀድሞ ታክሲ ነጂ ሲሆን፣ ተከታዮቹ ዓለም ሳታልፍ ፈጣሪያቸውን ለማግኘት እስከ ሞት እንዲጾሙ ሰብኳል ተብሎ ተከሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በ191 ሕፃናት ግድያ ክስ ሲመሠረትበት ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል።

ይህ ወሬ በተሰማ ሰሞን በየቡና ጠጡ ላይ የተባለውን አንባቢ ያስታውሰዋል። «ምን ዓይነት ሞኞች ቢሆኑ ነው!» ያላለ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከባዮቹ አንዱ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ መተረት፣ ተርቶም ወደ ሥራ መሄድ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቡድኖች አምልጠው የወጡ ሰዎች የሰጡትን ቃል አንድ በአንድ ለሚመረምር ሰው ተረቱ አያዛልቅም። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ነውና፣ የነገሩን ሥር ከእነዚሁ ሰዎች መስማት ይገባናል።

በዚህ ረገድ ብዙ ምስክር ያለው የጆንስታውን ታሪክ ነው። ጂም ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ሰባኪ «የሕዝቦች ቤተ መቅደስ» የሚሰኘውን ጉባኤ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ በሚከብድበት በዚያ ዘመን ጉባኤው ሁለቱንም በአንድነት ሰበሰበ፤ የተራበውን አበላ፤ አረጋውያንን ጦረ። ኋላም ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ፤ ከዚያም በደቡብ አሜሪካ በምትገኘው በጉያና ጫካ መንጥሮ የራሱን መንደር ቆረቆረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1978 በዚያች መንደርና በአካባቢዋ፣ በዋና ከተማዋ በጆርጅታውንም ጭምር በአንድ ቀን 918 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የሞቱት በሳያናይድ መርዝ በተበጠበጠ ጣፋጭ መጠጥ ሲሆን፣ ከ300 በላይ የሚሆኑት ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ። ሕፃን መርዝ ይጠጣ ዘንድ በፈቃዱ አይመርጥምና፣ ነገሩን «በፈቃዳቸው ሞቱ» ብሎ መዝጋት እውነትን መሸሽ ነው።

ከዕልቂቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ አንዲት ወጣት ሴት ከዚያ አምልጣ ነበር። ወይዘሮ ዲቦራ ሌይተን ወደ ጉባኤው የገቡት በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ሲሆን፣ ቀስ በቀስም ከመሪው የታመኑ ሰዎች አንዷ ለመሆን በቅተዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 በአሜሪካ ኤምባሲ ርዳታ ከጉያና ወጡ፤ በቀጣዩ ወርም በመሐላ የተረጋገጠ የጽሑፍ ቃል ሰጡ። የጉዞ ሰነድ ከሰው ሁሉ እንደተወሰደ፣ ደብዳቤ እንደሚመረመር፣ የመሪው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሰዓታትን ሙሉ እንደሚለፍፍ አስረዱ። ከሁሉም የሚያስደነግጠው፣ ሕዝቡ በሌሊት እየተቀሰቀሰ መርዝ ነው የተባለ መጠጥ እንዲጠጣ ይደረግ እንደነበር፣ ከጠጣም በኋላ «ታማኝነታችሁን ልፈትን ነው» ይባል እንደነበር መግለጣቸው ነው። ይህ ቃል የተሰጠው ከዕልቂቱ አምስት ወር ቀድሞ ነው። በጊዜው ተገቢውን ክብደት የሰጠው አልተገኘም እንጂ ምስክር አልጠፋም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ሰዎቹ ለምን ገቡ የሚለውና ለምን አልወጡም የሚለው ጥያቄ አንድ አይደለም። ለምን ገባችሁ ሲባሉ፣ ከልዩ ልዩ ቡድን የወጡ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነው፤ ክፉ ቡድን ልግባ ብሎ የገባ የለም። አንዱ እኩልነትን ፈልጎ፣ ሌላው ከሐዘን መጽናናትን፣ ሌላዋ ጓደኛን፣ ሌላው ከሕመሙ ፈውስን ፈልጎ ነው የሄደው። የሄዱበት ጉዳይ በራሱ ነውር የለበትም። እንዲያውም ከእኛ ቢያገኙት ኖሮ ከሌላ ባልፈለጉት ነበር።

ለምን አልወጣችሁም ሲባሉ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። እርሱም የሤራ ወሬ ነው። ከሚታየው ነገር ሁሉ ጀርባ የተሰወረ እጅ አለ፣ ዓለም ሁሉ እኛን ለማጥፋት ተማክሯል የሚለው ትረካ ነው። ወይዘሮ ሌይተን እንዳስረዱት፣ ጂም ጆንስ ጥቁሮቹን ተከታዮቹን «ወደ ጉያና ካልተከተላችሁኝ ማጎሪያ ጣቢያ ተወስዳችሁ ትገደላላችሁ» ይላቸው ነበር። ነጮቹን ደግሞ ስማቸው በስለላ ድርጅቱ የጠላት መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ያሳምናቸው ነበር። በሻካሆላም ታሪኩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የሰይጣን ነው፤ ሐኪም ቤቱም እንዲሁ፤ መንግሥት ለዜጎች የሚሰጠው አዲሱ የመታወቂያ ቁጥር የአውሬው ምልክት ነው ተብሎ ተሰብኮ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና ቀበሌ ጠላት ከሆኑ፣ የተራበ ልጁን ይዞ ከጫካው የሚወጣ አባት ወደ ማን ይሄዳል? የሤራ ወሬ እንግዲህ የቡድኑ ጌጥ አይደለም፤ አጥሩ ነው። ሽቦና ዘበኛ የማይችለውን ሥራ ይሠራል። ሰውየውን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ያስረዋል።

የተማረ ሰው በዚህ አይታለልም የሚል ቢኖር ወደ ጃፓን ይመልከት። በሾኮ አሳሐራ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1984 የዮጋ ትምህርት በመስጠት የጀመረው አውም ሺንሪክዮ የተባለው ቡድን ሐኪሞችን፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ምሩቃንን ያቀፈ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ለቀቁ። በዚህም 14 ሰዎች የሞቱ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ያረፉት ከ25 ዓመት ሥቃይ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተጎድተዋል። ጋዙን ከለቀቁት መካከል ኢኩኦ ሐያሺ የተባለ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይገኝበታል። በተያዘ ጊዜ ሳይገደድ ጥፋቱን ተናዘዘ፤ ጸጸቱንም በችሎት ገለጠ። ጓደኞቹ ሞት ሲፈረድባቸው እርሱ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ልብ በሉ፣ ሐያሺ የሰውን ልብ ከፍቶ ያክም የነበረ ሰው ነው። አሳሐራ ግን ለተከታዮቹ የአሜሪካ አውሮፕላኖች በእኛ ላይ የመርዝ ጋዝ እየረጩ ነው ይላቸው ነበር። ጋዙን በድብቅ የሚሠራው ቡድን፣ የጋዝ ጥቃት ተፈጸመብኝ እያለ ይጮኽ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ይህችን አንዲት ውሸት ለማየት አልበቃም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ አበው። የሤራ ወሬ ነጋዴዎችም ይህችን ብሂል አጥብቀው ይወዷታል። ነገር ግን ተጠራጣሪ መስለው የሚታዩት የእነዚህ ቡድኖች ተከታዮች የጥርጣሬ ችግር ኖሮባቸው አያውቅም፤ የጎደላቸው የጥርጣሬ ሚዛን ነው። መንግሥትን ይጠረጥራሉ፤ ሐኪምን ይጠረጥራሉ፤ ጋዜጣን ይጠረጥራሉ፤ የወለደቻቸውን እናት ሳይቀር ይጠረጥራሉ። አንድ ሰው ብቻ ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። እርሱም የሚያዛቸው ሰው ነው። አበው ጠርጥሩ ሲሉ ከአንዱ በቀር ሁሉን ጠርጥሩ ማለታቸው አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ እነርሱ ነው። አሁን ስለ እኛ ልናገር። ከጆንስታውን አስከሬኖቹ ወደ አሜሪካ በተመለሱ ጊዜ መቀበሪያ ቦታ ማግኘት አስቸግሮ ነበር። አንቀበልም ያሉ የመቃብር ስፍራዎች ነበሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1979 የኦክላንድ ከተማ አንድ የመቃብር ስፍራ ጠያቂ ያጡትን ከ400 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሕፃናት የሆኑትን፣ በአንድነት ተቀበለ። የሞቱበት መጠጥ በአሜሪካኖች አፍ መቀለጃ ሆኖ ዛሬም ድረስ ይነገራል፤ ቤተ ሰባቸውን ያጡት ተራፊዎችም ይህን ቀልድ እየሰሙ ይኖራሉ። በኬንያም ከጫካው በሕይወት የወጡ 65 ሰዎች ምግብ አንበላም በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ራሳቸውን ለመግደል ሞክረዋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ማለት ይህ ነው።

አስተያየቴም ይህ ነው። የሤራው ወሬ «ከዚህ ብትወጡ የውጭው ዓለም ያዋርዳችኋል፣ ያሳድዳችኋል፣ አይቀበላችሁም» ይላል። የወጣውን ሰው እኛ ስናዋርደው፣ ስናሳድደው፣ በር ስንዘጋበት ያ ወሬ በእኛ እጅ እውነት ይሆናል። ከውስጥ ሆኖ መውጣትን የሚያሰላስል ሌላ ሰው ደግሞ ያንን አይቶ ይቀራል። ሳናውቀው የአጥሩ ዘበኛ ሆነን እናገለግላለን።

በእርግጥ ወንጀል የሠራ በሕግ ይጠየቅ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ሲያረጋግጥ፣ ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምና ጤና እንዲሁም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። ሚዛኑ ተገቢ ነው። ቁጥሩ ያነሰ፣ ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ የሆነ እምነት ሁሉ አጥፊ ቡድን አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መፈረጅ ራሱ ሌላ የሤራ ወሬ ነው። መመዘን ያለበት ተግባር ነው። ሰውን ከቤተ ሰቡ የሚለይ፣ ሀብቱን አሽጦ የሚያስረክብ፣ መጠየቅን ኃጢአት የሚያደርግ፣ ልጅን ከትምህርትና ከሕክምና የሚከለክል፣ መውጫ በሩንም በፍርሃት የሚዘጋ ሲገኝ ያን ጊዜ ዝም ማለት አይገባም።

ከሕግ በፊት ግን ቤት አለ። ልጃችን፣ እኅታችን ወይም ወንድማችን እንዲህ ባለ ነገር ሲያዝብን «እርም ብዬሃለሁ፣ ደጄን እንዳትረግጥ» ማለት ይቀናናል። በቁጣ የተነገረው ይህ ቃል ለቡድኑ መሪ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ ያንን ሰው ፈጽሞ የእርሱ ያደርገዋል። በክርክር ማሸነፍ ባይቻል እንኳ ማስታወስ ይቻላል፤ መልእክት መላክ፣ በሕመሙ መጠየቅ፣ በበዓል መጥራት ይቻላል። ባይመጣም መጠራቱን ያውቃል። አንድ ቀን ሊወጣ ሲያስብ የሚያስበው ያንን ነውና።

ዛሬ ሌሊት ተፈስኳል። ገበታው ሲዘረጋ በብዙ ቤት አንድ የጎደለ ሰው ይኖራል። በሞት ያጣነውን ከመጠበቅ በቀር የምናደርገው የለም። በፍርሃት አጥር ውስጥ ላለው ግን የምናደርገው አለ። ድርሻው ይነሣለት። በሩም አይቆለፍ። የመጣ ዕለት ደግሞ የት ነበርህ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ቁጭ በል፣ ብላ እንበለው። የእርሱ ጾም የሚፈታው ያን ጊዜ ነው።

መልካም በዓል።