የአገር ልክ ለክፍለ ከተማ አይበቃም

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጭውን እንዲቈጥር የወንጌሉ ምሳሌ ያስተምራል። ለአገር ሥራ የተሾሙ ሰዎችም የመንግሥትን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ገንዘቡ ወደየት እንደሚሄድ ማወቅ ይገባቸዋል።

ለዚህ የሚረዳውን የግብዓትና የምርት ሠንጠረዥ ዋሲሊ ሌዎንቲየፍ የተባለው ሊቅ በ1936 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ አዘጋጅቶ አሳተመ፤ ስለዚሁም ሥራው በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ሠንጠረዡ እያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ከሌላው ምን ያህል እንደሚገዛና ምን ያህል እንደሚሸጥ ያሳያል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ለ1998 ዓ.ም. ይህን የሚመስል የማኅበራዊ ሒሳብ ሠንጠረዥ ለመላው አገር አዘጋጅቶ ነበር። ለአንድ ክፍለ ከተማ ግን ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ በመጠየቅ ይህን መሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሊቃውንት ሳይጠይቁ የሚገምቱበትን ዘዴ አበጁ።

ዘዴውም ይህ ነው። በመላው አገር ከ100 ሠራተኞች 2ቱ፤ በኮልፌ ቀራንዮ ግን ከ100 4ቱ እንጨት ሠሪዎች ናቸው እንበል። 4 ለ2 ሲካፈል 2 ይሆናል። ድርሻው ከ1 ካላነሰ ክፍለ ከተማው የሚያስፈልገውን የእንጨት ሥራ ሁሉ ከራሱ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል፤ ከ1 ካነሰ ግን የጐደለው ከውጭ እንደሚገባ ይቈጠራል።

ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። የኮልፌ አናጢ አልጋውን ለቦሌ ሰው ሲሸጥ፤ የኮልፌ ነዋሪ ደግሞ ወንበሩን ከመርካቶ ይገዛል። በክፍለ ከተሞች መካከል ኬላ የለም። ሒሳቡ ግን የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አያይም። ከዚህ የተነሣ በኮልፌ የወጣ ብር እዚያው ብዙ ጊዜ የሚዞር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ቶሎ ወደ ሌላ ስፍራ ያልፋል። በዚህ ግምት ለብዙ ሰው ሥራ እንደሚገኝ ተስፋ የሰጠ ሹም በሕዝብ ፊት ሐሰተኛ ይባላል።

በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ፍሌግና ባልንጀሮቹ ይህን ለማቃናት የስፍራውን መጠን በሒሳቡ ጨመሩ፤ ስፍራው ባነሰ መጠን ከውጭ የሚገዛው ይበዛልና። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መሠረቱ የሆነው ቍጥር ያረጀ እንደሆነ ማቃኛው ብቻውን አያድንም። መላው ሕዝብ የተቈጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎ የታሰበው ቈጠራ በ2011 ዓ.ም. ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ተጨምሮ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች 11 ሆኑ።

እንግዲህ ዘዴው ይጣል ማለት አይደለም። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሓፊ የጻፈውን ከእናቱ መጽሐፍ ጋራ እያስተያየ ያርማል። እንደዚሁም የክፍለ ከተማው ሒሳብ ጸሓፊዎች ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች ጥቂቶቹን መርጠው፤ አናጢውን፤ የእህል ነጋዴውንና ግንበኛውን ከማን እንደ ገዛና ለማን እንደ ሸጠ በቃል ጠይቀው ግምቱን ያርሙት። ያልተጠየቀውም ሁሉ በሠንጠረዡ ላይ ግምት ተብሎ ይጻፍ። ግምትን ግምት ብሎ መጻፍ ለሹሙ ነውር አይሆንበትም፤ ይልቁንም ሕዝብ ቃሉን እንዲያምን ያደርገዋል።