በስልክ የተሰበሰበ በስልክ ይወራረድ

ሞባይል ስልክ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ትልቅ በር ከፍቷል። ድሮ አንድ የአረጋውያን መርጃ ገንዘብ ሲቸግረው ትኬት ያሳትም ነበር፣ ካልሆነም ሣጥን ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል። ዛሬ አንድ አጭር ቁጥር ይበቃዋል። ለምሳሌ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጽሑፍ መልእክት በቀን 1 ብር እንድንለግስ ሲጠይቅ ቆይቷል። 1 ብር ለአንዳችን ምንም አይደለችም። 10 ሺህ ሰው በየቀኑ ቢሰጣት ግን በወር 300 ሺህ ብር ትሆናለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይኸው ነው።

እኔ ግን ማንሳት የፈለግሁት ስለ ማወራረዱ ነው። መሰብሰቡማ ቀሏል፤ ብሩ ምን እንደሠራ ለሰጪው መንገር ነው የቀረው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሰዎች አንድ ቃል በስልክ እየላኩ 10 ዶላር እንዲሰጡ ጠየቀ። በዚህ መንገድ ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። በ2015 ግን ፕሮፐብሊካና ኤን.ፒ.አር. የተባሉ የዜና ተቋማት፣ ማኅበሩ በጠቅላላው ለሄይቲ ወደ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ሰብስቦ የሠራቸው ቋሚ ቤቶች 6 ብቻ ናቸው ሲሉ ዘገቡ። ማኅበሩ በሌላ መንገድ ብዙ ሰው መጠለያ እንዲያገኝ አድርጌያለሁ ብሎ ተከራከረ። ማንም እውነት ይኑረው፣ 10 ዶላር የላከው ሰው ወሬውን ከጋዜጠኛ መስማት አልነበረበትም።

እኛ ዘንድ ደግሞ አብዛኛው ሰው ካርድ ሞልቶ ነው የሚደውለው። ሳይደውል ሂሳቡ ሲቀንስ «ካርዴን ማን በላው?» ይላል። በደስታ የጀመረው ልግስና እንዲህ ወደ ጥርጣሬ ከተለወጠ ተጎጂዎቹ አረጋውያኑ ናቸው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለላክነው ብር ማረጋገጫ ወዲያው ይደርሰናል፤ ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም ማረጋገጫው ብሩ መድረሱን እንጂ ምን እንደሠራ አይናገርም።

«ድርጅቶቹ እኮ ኦዲት ይደረጋሉ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባሉ። ታዲያ 1 ብር የሰጠችው ጉሊት ቸርቻሪ ያንን ሪፖርት የት ታገኘዋለች? እድራችንን እንመልከት። ሰው መዋጮውን ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚከፍለው በስብሰባ ላይ ገቢና ወጪው ስለሚነበብለት ጭምር ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ሰው ሲመዘገብ በቀን ስንት እንደሚቆረጥበትና እንዴት ማቆም እንደሚችል በግልጽ ይነገረው። ሁለተኛ፣ ከተሰበሰበው ላይ ለአገልግሎት ክፍያ የሚቀነስ ካለ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ በየወሩ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ለምግብ፣ ይህን ያህል ለመድኃኒት ወጣ» የሚል አንድ መልእክት ይላክለት።

ትንንሾቹ ድርጅቶች ይህን የሚሠራ ሰው ላይኖራቸው ይችላል። እኛ የአካውንቲንግ ተማሪዎች ግን አለን። ዲፓርትመንታችን ከአንድ የአካባቢያችን መርጃ ድርጅት ጋር ተነጋግሮ፣ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ወርሃዊ ሂሳቡን እንዲያዘጋጁ ቢያደርግ እኛም በተግባር እንማራለን፣ ሰጪውም አይሸሽም። ለመጀመር አንድ ድርጅትና አምስት ፈቃደኛ ተማሪዎች ይበቃሉ እላለሁ።