ጫጩቶቹ ከመገዛታቸው በፊት

ዛሬ በዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ይዘን እንወያያለን። የጻፉልን የሦስት ልጆች እናት የሆኑ እኅት ናቸው። ባለቤታቸው ለ14 ዓመታት ከሠሩበት መሥሪያ ቤት ሲሰናበቱ የአገልግሎት ካሳ ተከፍሏቸዋል። ይህንኑ ገንዘብ በሙሉ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ለማርባት ሊያውሉት ቆርጠዋል። እኅታችን «መጀመሪያ እንጠይቅ፣ እናስላ» ቢሏቸው፣ «ጌታ ተናግሮኛል፤ ማስላት አለማመን ነው» የሚል መልስ አገኙ። ደብዳቤያቸው የሚያበቃው «እውነት እምነት የጎደለኝ እኔ ነኝ?» በሚል ጥያቄ ነው።

አይደሉም። ለዚህም ነህምያን ምስክር እንጠራለን። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ ሰምቶ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ገደማ፣ በጾምና በጸሎት ቆየ። ንጉሡ ፊት ሲቀርብ ግን በእጁ የያዘው ጸሎት ብቻ አልነበረም። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ተናገረ፣ የሚያልፍበትን ፈቃድ ጠየቀ፣ እንጨት እንዲሰጠውም ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ ደብዳቤ እንዲጻፍለት አመለከተ። ኢየሩሳሌም በደረሰ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሌሊት ተነሥቶ፣ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፣ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ አየ። እዚያው ምዕራፍ 2 ላይ እግዚአብሔር ይህን ሐሳብ በልቡ እንዳኖረ ተጽፏል። ጌታ የተናገረው ሰው ቅጥሩን ዞሮ ካየ፣ እኛ የመኖ ዋጋ ብንጠይቅ ምን ነውር አለው?

(ብዙዎቻችን በዚህ ርእስ የምንጠቅሰው በሉቃስ 14 ያለውን ግንብ ሊሠራ ያሰበውን ሰው ነው። ጌታ እዚያ የተናገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ እንጂ ስለ ንግድ አይደለም። ቢሆንም ሰሚዎቹ ወጪን ሳይቆጥሩ መጀመር ሞኝነት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው ምሳሌውን ከዚያ የወሰደው።)

እንግዲህ የአዋጭነት ጥናት የሚባለው ይኸው ቅጥሩን ዞሮ ማየት ነው። ባንክ ለብድር ሲጠይቅ ከጽሕፈት ቤት የሚገዛ፣ ስሙ ብቻ እየተለወጠ የሚታተም ወረቀት አለ፤ እርሱን ማለታችን አይደለም። ጫጩት ሻጩ የሚያድለው የትርፍ ሠንጠረዥም ማስታወቂያ እንጂ ጥናት አይደለም። እውነተኛ ጥናት ሲጠናቀቅ «ይህ አይሆንም» ሊለን ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ከሁሉ አስቀድመው፣ ገና ልባቸው ሳይሞቅ፣ «ምን ብናገኝ እንተወዋለን?» የሚለውን በደብተር ይጻፉ። በኋላ እንጽፋለን ማለት አይሠራም፤ ሰው የወደደውን ነገር ቁጥር አስተካክሎ ያገባዋል።

ከገበያው እንጀምር። ብዙ ምእመናን «የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ይገዛኛል» ይላሉ። ወንድሞችና እኅቶች ሲጠየቁ በእርግጥ «እንገዛለን፣ ጌታ ይባርክህ» ይላሉ፤ ይህ ግን ቡራኬ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ትገዛኛለህ?» ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት ከማን ገዛህ? በስንት? ስንት?» የሚለው ነው። የሰፈሩን ባለ ሱቅ፣ ቁርስ ቤቱን፣ ኬክ ቤቱን፣ የሕፃናት መዋያውን ጠይቁ። ባለ ሱቅ በዱቤ ነው የሚወስደው ወይስ በእጅ በእጅ ይከፍላል? በእኛ ሀገር ብዙ ጥሩ ጥናት የወደቀው ሻጭ ገንዘቡን በወር ሲጠብቅ መኖው በሳምንት ስላለቀበት ነው።

ከዚያም ጾም አለ። እኛ የማንጾመውን ጾም ደንበኞቻችን ይጾሙታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም። ከ200 ዶሮ በቀን 150 እንቁላል ቢገኝ፣ በ55 ቀን 8,250 እንቁላል፣ ማለትም ባለ 30ው 275 ትሪ ይሆናል። ይህን ሁሉ እስከ ፋሲካ ልናቆየው አንችልም። ስለዚህ በጾም የሚወስደን ማነው? ሙስሊም ጎረቤቶች የሚበዙበት ሰፈር፣ ሆስፒታል፣ የእንግዳ ማረፊያ? በስንት ዋጋ ይወስዱናል? ጥናቱ የጾሙን ወራት ለብቻ ዓምድ ካልሰጣቸው የተቀረው ስሌት ምንም ያህል ቢያምር አትመኑት።

አሁን ወደ መኖው እንምጣ፤ ከወጪው ሁሉ ትልቁ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው እርሱ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች። 200ው በቀን 23 ኪሎ፣ በወር 7 ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ይህን ለ150 እንቁላል ብናካፍለው አንድ እንቁላል 153 ግራም መኖ ይበላል፤ ወይም በሌላ አነጋገር አንድ ኪሎ መኖ ስድስት ተኩል እንቁላል ይሰጠናል። እዚህ ላይ ለእኅታችን አንድ ቀላል መለኪያ እንስጣቸው። የብሩ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዋጋውን በእንቁላል ይቁጠሩት። መኖ ነጋዴው ጋ ሄደው የአንድ ኪሎ መኖን ዋጋ ይጠይቁ፤ ለጅምላ ገዢ የአንድ እንቁላል ዋጋ ስንት እንደሆነም ያጣሩ። አንድ ኪሎ መኖ የአራት እንቁላል ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለክትባት፣ ለመብራት፣ ለጉዝጓዝ፣ ለመጓጓዣና ለትርፍ የሚሆን ይተርፋል። አምስት እንቁላል ከደረሰ ጠበበ። ስድስት ከደረሰ ቤተሰቡ ዶሮ እየቀለበ ይኖራል እንጂ ዶሮ ቤተሰቡን አትቀልብም።

ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ አትሥሩት። 150ው እንቁላል ወደ 120 ቢወርድስ? ሙቀት፣ በሽታ ወይም ጥራት የሌለው መኖ ይህን ያደርጋል። ያን ጊዜ ኪሎ መኖ የሚሰጠው አምስት እንቁላል ብቻ ነው፤ ያው አራት እንቁላል ይሆን የነበረው ወጪ አሁን ያንቃል። መኖው በአንድ አምስተኛ ቢጨምርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ የመኖ ማጎልመሻ ያለበት ሁሉ የዶላሩን ዋጋ ይከተላል። ጎረቤት ከዚያ በፊት ያተረፈበት ስሌት ለእኛ አይጠቅመንም።

ሌላው ባለቤቶች የሚረሱት የዝምታው ወራት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ተገዝቶ የመጀመሪያው እንቁላል እስኪታይ 20 ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ አንዷ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ትበላለች። ለ200 ሲባዛ 15 ኩንታል መኖ አንድ እንቁላል ሳይሸጥ ይጠፋል ማለት ነው። ካሳው ለዶሮ ቤቱና ለጫጩቱ ካለቀ ይህን ማን ይከፍለዋል? ቄብ መግዛት ወራቱን ያሳጥራል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ሁለቱን አነጻጽሩ። ከ100 ጫጩት አምስት እስከ አሥር እንደሚሞትም አስቡ፤ ፈንግል ከገባ ግን ያልተከተበ መንጋ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። ክትባቱ በሀገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ሆኖም እስከምትሰጡት ቅዝቃዜውን ጠብቆ መቆየት አለበት። በሰፈራችሁ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል?

ስለ ቤቱ ብዙ አንልም። በጉዝጓዝ ላይ ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ብትሰጡ 40 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ ውኃ በቀን 50 ሊትር ገደማ፣ በፈረቃ ለሚደርሳቸው ሰፈሮች ይህ ቀላል አይደለም። የምትኖሩት በኪራይ ከሆነ አከራዩ፣ ጎረቤትና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሉ አስቀድማችሁ ስሙ።

ጉልበትንም ቁጠሩ። «እኛው እንሠራዋለን» ሲባል ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጆች ይሠሩታል ማለት ነው። ዶሮ እሑድንም የጉባኤ ሳምንትንም አታውቅም። የሌሊት ጸሎት ያለበት ቀን ማን ያበላል? ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ይቀር ይሆን? ለዚህ ጉልበት ለሌላ ሰው ስንት ትከፍሉ ነበር? ያን ቁጥር ወጪ ውስጥ አስገቡት፤ ትርፉ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ያልጠፋ የመሰላችሁ ከራሳችሁ ቤት ስለተወሰደ ነበር።

የመጨረሻዋን ዶሮ ዕድሜም አትርሱ። 80 ሳምንት አካባቢ ላይ እንቁላሏ እየቀነሰ ሲሄድ ትሸጣለች። ገዢ ቀይ ዶሮ ለዶሮ ወጥ ይመርጣል፤ ነጯ በዚያው ዋጋ ላትሄድ ትችላለች። ጫጩቱ የሚገባበት ወር በትክክል ከተመረጠ ያረጀው መንጋ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።

ለእኅታችን የምንመክራቸው ይህን ነው። ባለቤታቸውን «አታምንም» ብለው አይከራከሩ፤ እሳቸውም «አታምኚም» አይበሏቸው። ለሦስት ቅዳሜ አብረው ይውጡ። በመጀመሪያው መኖ ነጋዴ፣ በሁለተኛው የእንቁላል ገዢዎች፣ በሦስተኛው ደግሞ ዶሮ አርብቶ የተወ ሰው ጋ ይሂዱ፤ የተሳካለት ሰው የሚነግራችሁን ብዙ ጊዜ ታውቁታላችሁ፣ የተወው ግን ለምን እንደተወ አውርቶ አይጠግብም። ማታ ማታ ቁጥሮቹን በደብተር ይጻፉና በጌታ ፊት ያስቀምጧቸው። ከካሳው የልጆቹን የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያና የስድስት ወር አስቤዛ ለይተው፣ ሁለቱም የማይነኩት ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ። የተረፈው 50 ቄብ ብቻ የሚገዛ ከሆነም በ50 ይጀምሩ፤ በአንድ ዐቢይ ጾም ካለፉ በኋላ ስለ 200ው ይነጋገሩ።

የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ግን እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ባይገዛ እንመርጣለን። በሚቀጥለው ዕትም ስለ ብድርና ስለ ዕቁብ ለሥራ ማስጀመሪያ እንጽፋለን፤ ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያው ላኩልን።