ረሃብ ጨዋታ አይደለም

«አሎን» ስለተሰኘው የአሜሪካኖች የቴሌቪዥን ውድድር ዝም ማለት አልቻልኩም። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አሥር ያህል ሰዎች በየዱሩ ለየብቻ ይለቀቃሉ፤ ረሃቡንና ብርዱን ችሎ መጨረሻ የቀረው ያሸንፋል። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ካናዳ 100 ቀን የቆየው 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። የከተማችን ወጣት «ጽናት ማለት ይህ ነው!» ይለኛል።

አይደለም! ያ ሰው በቃኝ ካለ በሳተላይት ስልክ ይጠራል፤ መጥተው ያነሡታል። ደብረ ወርቅ ላይ እያየሁት ያደግሁት የቆሎ ተማሪ ማንን ይጥራ? ለትምህርት ብሎ የእናቱን ጓዳ ጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ካሜራ የለው፤ ሽልማት የለው።

እሱንም ቢሆን «ጀግና» ብለን ብቻ አንለፈው፤ ሙገሳ ቁራሽ አይሆንም። ተማሪው የሚሰነብተው ብቻውን ስለቻለ ሳይሆን በር የምትከፍት እናት ስላለች ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለ ሕዝብ ለብቸኝነት ሲያጨበጭብ ማየት ያሳፍራል።

የፈረንጁን የረሃብ ቀን ሳሎንህ ተቀምጠህ የምትቆጥር አንባቢ ሆይ! ደጅህ የቆመውንስ «እግዜር ይስጥህ» ብለህ ትሸኘዋለህን?